እጃቸውን በረዶ ውስጥ የሚነክሩት ጋሽ ዘውዱ

በሩ ሲንኳኳ ገና መንጋቱ ነበር። እዚህ አሜሪካ፣ ቡሪየን ከተማ ባለው አፓርትማችን ላይ የሚያልፈው የማለዳ አውሮፕላን እንኳ ገና አልጮኸም። በመጋረጃው ጠርዝ አጮልቄ ሳይ የእድራችን ሰብሳቢ አቶ ደምሴ ቆመዋል፤ ከኋላቸው ሁለት ሴቶች ነጠላቸውን ተከናንበው መሬት መሬት ያያሉ።

የኛ ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ በር ላይ የሚቆመው ለአንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄ ሊያ ደግሞ በዚያ ሳምንት ከአላስካም በላይ፣ ባሕሩ ድንጋይ የሚሆንበት አገር፣ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ላይ ነበረች። በሩን እንዴት እንደከፈትኩት አላውቅም።

"ብርቄ፣ እስቲ አንዴ ቁጭ በይ" አሉ አቶ ደምሴ።

"አልቀመጥም። ይንገሩኝ።"

"ኧረ መጀመሪያ ተቀመጪ፣ ውኃ ነገር ቅመሺ..."

"ልጄ ናት? ልጄ ናት ወይ?"

"በእመቤቴ! ሊያ ደኅና ናት። ጋሽ ዘውዱ ናቸው። ሊነጋጋ ሲል ሆስፒታል ዐረፉ።"

"ተመስገን!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ሦስቱም ሰምተውኛል።

ከዚያ በኋላ ነው ወለሉ ላይ ተዘርሬ የጮህኩት። ሴቶቹ ክንድና ክንዴን ይዘው ሶፋ ላይ አወጡኝ። ያን ሁሉ ዓመት ለእኔ ወንድምም አባትም ሆነው የኖሩት ሰው ሞተው፣ ከአፌ መጀመሪያ የወጣው ቃል ያ ነበር። እኔ እስከ አራተኛ ክፍል ነው የተማርኩት፤ ሰው ሲሞት የሚጻፈውን የታሪክ አጻጻፍ አላውቅበትም። ጋሽ ዘውዱ ግን እንዲሁ ተረስተው መቅረት ያለባቸው ሰው አይደሉም። ስለዚህ እንደመጣልኝ እጽፋለሁ።

ያወቅኋቸው የኛ ሚሊኒየም በተከበረበት ዓመት ነው። ባላርድ የሚባል ሰፈር፣ ጀልባ ከሚያልፍበት ሰፊ ቦይ ዳር፣ ትንንሽ ጀልባ የሚሠራበት ግቢ አለ፤ እዚያ ቢሮ አጸዳ ነበር። የሊያ አባት ኦበርን ከተማ ሌላ ትዳር ይዞ ስለነበር ልጅቱን የምተውበት የለኝም። ከትምህርት ቤት አምጥቼ አንድ ጥግ አስቀምጣትና ሥራዬን እሠራለሁ። አንድ ቀን ከማዶ ክፍል ሰው በአማርኛ ሲሳደብ ሰማሁ።

"አንቺ የሰይጣን ቁራጭ! ተከፈቺ ብዬሻለሁ!"

ሴት የሚደበድብ መሰለኝ። መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ዘው አልኩ። ሴት የለም። ጠጉራቸው የነጣ ቀጭን ሰውዬ ብቻቸውን ቆመው፣ ጠረጴዛው ላይ ካለች አንዲት የብረት መቀርቀሪያ ጋር ይታገላሉ። እጃቸው ከአንጓው በታች ቀልቷል፤ ውኃ ይንጠባጠባል። አጠገባቸው በረዶ የሞላ ባልዲ አለ።

"ምን ሆነው ነው?" አልኩ በአማርኛ።

ቀና ብለው አዩኝ። ስሜን አልጠየቁኝም፣ ከየት መጣሽ አላሉኝም። "ያገር ልጅ ነሽ? ጎሽ። ነይ፣ እጅሽን ክተቺ" አሉኝ።

አይ የኔ ነገር፣ ከተትኩ። ትልቅ ሰው ሲያዝዝ እምቢ ማለት አላውቅም። መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያማል፣ ከዚያ ምንም አይሰማም። ያኔ "አሁን ክፈቻት" አሉ። ጣቶቼ መቀርቀሪያዋ ላይ እየተንሸራተቱ እንባዬ መጣ።

"አየሽ? ይቺን እጅ አትመኛት። በረዶ ላይ የሌላ ሰው እጅ ናት" አሉና መቀርቀሪያዋን ወስደው ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ወረወሯት። ወዲያው ወንበራቸውን ስበው ሌላ መሳል ጀመሩ።

ሥራቸው ይኸው ነበር። በረዶ ያለበት ባሕር ላይ የሚሄዱ ትንንሽ የአሉሚኒየም ጀልባዎችን ይነድፋሉ። ትልቁ መርከብ የማይገባበት ጥግ የሚገቡ፣ አራት አምስት ሰው የሚይዙ። ተመራማሪዎች ይዘዋቸው ይሄዳሉ፣ አንዳንዴ እስከ ዓለም ጫፍ። ታዲያ ጋሽ ዘውዱ እያንዳንዱን መክፈቻ፣ እያንዳንዱን መያዣ፣ እያንዳንዷን የገመድ ማሠሪያ በደነዘዘ እጅ ካልሞከሩ አያሳልፉም። በባልዲው ያልተጠመቀ ሰው አልነበረም። አለቃቸው ነክሯል። ብረት ሊሸጥ የመጣ ነጭ ነክሯል። አንዴ ቤታቸውን ጸበል ሊረጩ የመጡትን አባን ሳይቀር ያዟቸው።

"ኧረ ልጄ፣ ይህን ነገር ቢተዉኝ፣ ሪህ አለብኝ" አሉ አባ።

"አባ፣ እጅዎ ቢደነዝዝ መስቀሉን ይይዛል? ካሁኑ ቢያውቁት አይሻልም?"

አባ ሳቁና ነከሩ። ከዚያ መቀርቀሪያዋን በጥርሳቸው ሊከፍቱ ሲሞክሩ ጋሽ ዘውዱ ጠረጴዛውን እየደበደቡ፣ "ይኸው! ይህን አላሰብኩትም ነበር! በጥርስም መከፈት አለባት!" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከዚያ ወዲህ የሠሯቸው መቀርቀሪያዎች ሁሉ በጥርስ የሚነከስ ጆሮ ነበራቸው።

ወጣት ሳሉ ምጽዋ መርከበኛ ነበሩ። ለትምህርት ሌኒንግራድ ተላኩ። "ሌሎቹ እዚያ ቮድካ አዩ፣ እኔ ባሕር ሲጠጥር አየሁ" ይሉ ነበር። አገር ሲገለባበጥ በየመን በኩል አድርገው እዚህ ደረሱ። ሚስት አላገቡም። ለምን ብዬ ጠይቄያቸው አላውቅም፤ የሚጠየቁ ሰው አልነበሩም።

ቸሪ የሚባለው መንገድ ላይ ካለው የአበሻ ምግብ ቤት ሲገቡ ታክሲ ነጂዎቹ ይጠብቋቸዋል።

"ጋሽ ዘውዱ! አገሩ ወደብ አጥቶ እርስዎ በረዶ ላይ ጀልባ?"

"ወደብ ያለውማ ምን ጀልባ ያስፈልገዋል" ይላሉ ኮታቸውን እያወለቁ፣ "ቤቱ ይቀመጣል።"

ሌላ ቀን ደግሞ ልቅሶ ቤት ነን። ንፍሮ እየዞረ ነው። አንዱ ነገር ፈላጊ፣ "እኔ የማይገባኝ፣ ያ ሁሉ በረዶ ግራና ቀኝ ሲጨምቃት እንዴት አይሰባብራትም?" አላቸው። ጋሽ ዘውዱ ልቅሶ ቤት መሆናቸውን ረሱት። ከንፍሮው አንድ ባቄላ አነሱ። "እነዚህ ሁለት ጣቶቼ በረዶ ናቸው። ይቺ ጀልባ ናት። ሆዷን ክብ አድርጌዋለሁ። ጎኗ ቀጥ ያለ ቢሆን ትሰነጠቅ ነበር። አሁን ግን ስጨምቃት ወዴት ትሄዳለች?" ብለው ጫን አሏት። ባቄላዋ ከቅርፊቷ ተፈናጥራ ሄዳ የአቶ ደምሴ ግንባር ላይ ጧ! ከዚያ ያቺ ባሏን የቀበረች ሴትዮ፣ ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው፣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መሳቅ ጀመረች። ስትስቅ ስትስቅ ወደ ለቅሶ ተመለሰች። አቶ ደምሴ ግን ግንባራቸውን እየጠረጉ "እኚህ ሰውዬ ልቅሶ ቤት እንዳይገቡ ውሳኔ ይተላለፍልኝ" አሉ።

እንግዲህ እንዲህ እያሳቁ የኖሩ ሰው እንዳይመስሏችሁ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ከአንድ ነገር በኋላ ነው። ያን ነገር የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ካወቅኋቸው ከዓመታት በኋላ።

እኔ ሳላውቃቸው በፊት ነው። አንድ ሰው ጀልባ አሠራ። ጋሽ ዘውዱ ራቁቷን ነው የነደፏት፤ ከላይ ምንም የሌላት፣ ለስላሳ። ሰውየው ዙሪያዋን ብረት አጥር ይጨመርልኝ አለ፣ ሠራተኞቼ እንዳይወድቁብኝ። ጣሪያዋም ላይ ዕቃ መጫኛ። እሳቸው አልወደዱትም። በዚያ ብርድ የማዕበሉ ፍንጣቂ ብረት ሲነካ ወዲያው ይረጋል፤ አንዱ ባንዱ ላይ እየተደራረበ አጥሩ የበረዶ ግድግዳ ይሆናል። ጀልባዋ ከላይ ትከብዳለች። ይህን ያውቃሉ። ግን ሰውየው ደጋግሞ ሲለምናቸው፣ "ግድ የለም፣ ትንሽ ነው" ብለው ጨመሩለት።

ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኘች። ሁለት ሰው ሞተ።

"ከአንደኛው እናት ቤት ሄድኩ" አሉኝ። "ታኮማ ነው። በሯን ከፈተችልኝ። አንተ ነህ የነደፍካት? አለችኝ። አዎ አልኳት። ቀስ ብላ ዘጋችው። አላላተመችውም እኮ፣ ቀስ ብላ። ብትሰድበኝ፣ ፊቴ ላይ ብትተፋ ይሻለኝ ነበር፣ ብርቄ።"

ከዚያ ወዲህ ያቺን ቃል ሰምተው አይችሉም። "ባሕር ሰው አይገድልም፣ ብርድም አይገድልም። ሰው የሚገድለው 'ግድ የለም' ነው" ይሉ ነበር። አንዴ ቤቴ ምሳ ጋብዣቸው፣ "ወጡ ትንሽ ጨው በዝቶበታል፣ ግድ የለም፣ በእንጀራው ይጠፋል" ብል፣ ማንኪያቸውን አስቀምጠው ተነሡ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። በሳምንቱ እንደገና ሠርቼ ይዤላቸው ሄድኩ፤ ቀመሱና "አሁን ልክ ነው" አሉ።

ሊያ እሳቸው እግር ሥር ነው ያደገችው ማለት እችላለሁ። አማርኛዋ የአሜሪካ ልጅ አማርኛ ነው፤ "አንተ" ነበር የምትላቸው። መጀመሪያ ጊዜ ስሰማ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። "ኧረ በስመአብ! አንቺ ልጅ! 'እርስዎ' ነው የሚባለው!" ስላት እሳቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "ተያት። ባሕር ላይ አንቱ የሚባል ሰው የለም። 'እርስዎ ይጠንቀቁ' ብሎ እስኪጨርስ ሰውየው ገብቷል።"

ልጄ ነርስ ትሆናለች ብዬ ነበር። ስታድግ ጀልባ መንዳት ተማረች፣ ፈቃድ አወጣች፣ ሞተር መፍታት መግጠም ቻለች። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ ወጥ ቤት ቆማ እየበላች፣ "እማዬ፣ ሶ፣ እነዚያ ተመራማሪዎች ቀጠሩኝ። ዘንድሮ ሰመር ወደ ላይ እሄዳለሁ። በጋሼ ጀልባ" አለችኝ። የያዝኩትን ዕቃ የት እንዳስቀመጥኩት አላስታውስም።

በማግሥቱ ግቢያቸው ሄድኩ። ጋሽ ዘውዱ ያቺን ጀልባ እየዞሩ በመዳፋቸው ይዳብሷታል። እግራቸው ላይ ወደቅሁ።

"ጋሽ ዘውዱ፣ ይኸው እግርዎን ስሜ ልለምን። እምቢ ይበሏት። እርስዎን ትሰማለች።"

"ተነሽ፣ ብርቄ። ጀልባዋን እምቢ ማለት እችላለሁ። ልጅቱን አልችልም።"

"እንግዲያው ጀልባዋን እምቢ ይበሏ! ተበላሽታለች ይበሉ! ምን ገዶዎት?"

መዳፋቸውን ከጀልባዋ አላነሡም። ከሩቅ መፍጫው ብረት ሲፈጭ ይሰማል።

"አንድ ጊዜ ደኅና ያልሆነችውን ደኅና ናት ብዬ ሰው አልቋል" አሉ። "አሁን ደግሞ ደኅና የሆነችውን ደኅና አይደለችም ልበል? ከዚያ ወዲያ እኔ የምለው ምን ዋጋ አለው? ነገ ሊያ 'ጋሼ፣ ይህ ይይዛል?' ብላ ስትጠይቀኝ በምን ልመልስላት?"

"እኔ ዋጋ አላልኩም። እኔ ልጄን ነው ያልኩት።"

"አውቃለሁ" አሉ።

ያደረጉት ግን ይህ ነው። የካቲት ላይ፣ ውኃው አጥንት በሚሰብርበት ወቅት፣ ጀልባዋን ቦዩ ውስጥ አስወረዷት። እኔን ጠርተው ዳር አቆሙኝ። ከዚያ እሳቸውና ሊያ ገብተው፣ ቀበቷቸውን አሥረው፣ በክሬን ገልብጧት አሉ። ሰባ ዓመት የሞላቸው ሰውዬ! አለቃቸው "ኖ፣ ኖ" እያለ ራሱን ይይዛል፤ እሳቸው እጃቸውን ከፍ አድርገው "አሁን!" አሉ። ጀልባዋ ዞረች። ሆዷ ብቻ ታየ። እኔ ስጮህ ቦዩ ማዶ ያሉ ሰዎች ቆመው ያዩ ነበር። ተመልሳ ተነሣች፣ ውኃዋን አራግፋ እንደ ውሻ። ሊያ ትስቃለች። ጋሽ ዘውዱ አይስቁም፤ በደነዘዘ እጃቸው ቀበቷቸውን ፈቱ፣ በሩን ከፈቱ፣ ወደ እኔ አዩ።

"አየሽ?" አሉ ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ።

"አላየሁም" አልኳቸው። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር።

ያን ዓመት ሳል ያዛቸው። ሰው ከውኃው ነው ይላል፤ ሐኪሙ ግን ሳንባቸው ከታመመ ቆይቷል አለ። እኔ በዚያን ጊዜ ሰው ቤት እየሄድኩ በሽተኛ መንከባከብ ጀምሬ ነበር፤ እሳቸውንም ቸሪ አጠገብ ባለው ቤታቸው እየሄድኩ አጥባቸው፣ አጎርሳቸው ነበር። ሊያ ሄደች። ከበረዶው ላይ በሳተላይት ስልክ ኮል ታደርግላቸዋለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው። ስልኩን ደረታቸው ላይ አድርገው "አዎ"፣ "አይ"፣ "ቆዪ" ብቻ ይሏታል። ትሰማቸዋለች። እኔ በሩ ላይ እንደ ሌባ ቆሜ አዳምጣለሁ። ሲጨርሱ፣ "ልጅሽ ደኅና ናት። ደኅና ባትሆን ደኅና ናት አልልሽም" ይሉኛል። በዚያ ክረምት እንቅልፍ ያስወሰደኝ ይህ ቃል ብቻ ነው።

ሆስፒታል ሲገቡ ስልካቸውን መዳፌ ውስጥ አስቀመጡ። "ስትደውል እንዳታመልጥሽ" አሉ። ከዚያ በኋላ ድምፃቸውን አልሰማሁም።

እና ሞቱ። ልቅሶው እዚያው ቤታቸው ተቀመጠ። አቶ ደምሴ ሰውን ሁሉ አስጠነቀቁ፤ ለሊያ እንዳይነገር። "በበረዶ ላይ ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ትመለስ፣ ትረፍ፣ ከዚያ ሰብሰብ ብለን እንነግራታለን።" እኔም እንደዚያው ነው የማውቀው። የእናቴን ሞት በስንት ወሩ ነው የሰማሁት። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ እንዲህ ነው ያደግነው።

ከሰዓት በኋላ የጋሽ ዘውዱ ስልክ ኪሴ ውስጥ ጮኸ። ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

"ጋሼ?"

"እኔ ነኝ፣ እናትሽ።"

"ኦ፣ ሃይ እማዬ። ስጪኝ እሱን።"

"ተኝተዋል።"

"ኦኬ። ምንድን ነው የሚጮኸው?"

"ቲቪ ነው።"

"ስሚኝ፣ በደንብ ስሚኝ። አንድ ትልቅ በረዶ ከሥር መትቶናል። ጀልባዋ ከሥሯ እንደ ሸርተቴ ሁለት ብረት አላት፣ ጋሼ ያውቃል። በግራ ያለው የተበየደበት ቦታ ውኃ ያስገባል። ትንሽ ነው። ሞተሩ ደኅና ነው። ጭጋግ ስላለ እስከ ነገ አንንቀሳቀስም። ነገ ሲገለጥ ወይ በረዶው መካከል በተከፈተው የውኃ መንገድ ወደ ትልቁ መርከብ እንሮጣለን፣ ግማሽ ቀን ነው፣ ወይ ጀልባዋን በረዶ ላይ አውጥተን መርከቡ እስኪደርስልን እንጠብቃለን። የመርከቡ ካፒቴን የምታዪው አንቺ ነሽ፣ አንቺ ወስኚ ብሎኛል። ጋሼን ጠይቂልኝ። ብየዳው ግማሽ ቀን ይይዛል? አዎ ወይስ አይ። በቃ። ሳልጠይቀው አልነካውም። ነገ ጠዋት እደውላለሁ።"

ተቋረጠ። መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ልጄ በረዶ ላይ ሆና የሞተ ሰው መልስ እየጠበቀች ነው። እንድትጠብቅ ያደረግኋት ደግሞ እኔ ነኝ።

ለአቶ ደምሴ ነገርኳቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ፊታቸው ዐመድ መሰለ። ወደ ጓዳ ወስደውኝ በጆሮዬ፣ "አዎ ብለዋል በያት። ግድ የለም፣ ትንሽ ናት ብላ የለ? ግማሽ ቀን ምን አላት? ሮጣ ትግባ፣ ትልቁ መርከብ ላይ ትውጣ። እዚያ በረዶ ላይ ተቀምጣ ከምትሞት" አሉኝ።

ውሸት ምን ያደርጋል፣ እኔም የምፈልገው ያንኑ ነበር። ቶሎ ትግባልኝ። ልጄ በረዶ ላይ ቁጭ ብላ እስክትወሰድ ትጠብቅ ማለት ለእናት አፍ የሚቻል አይደለም። ግቢያቸው ላለው በያጅ በአቶ ደምሴ አስተርጓሚነት ደወልን። "ሳላየው ይይዛል አልልም፣ አይይዝም አልልም። እንዲህ ያለውን የሚናገር እሱ ብቻ ነበር" ብሎ እሱም አለቀሰ። እስከ ማግሥቱ ጠዋት ድረስ ያቺን አንድ ቃል በአፌ ውስጥ አገላበጥኳት። አዎ። አዎ ብለዋል። አዎ ልጄ።

ስልኩ ሲጮህ ጓዳ ውስጥ ነበርኩ። አቶ ደምሴ አጠገቤ ቆመዋል። ሳሎኑ ውስጥ አንዷ ሙሾ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ።

"እማዬ? ጠየቅሽው?"

"ሊያ..."

"ምን አለ? ጭጋጉ ተገልጧል። አዎ ወይስ አይ? ባትሪው እያለቀ ነው።"

አቶ ደምሴ ራሳቸውን ወደ ላይ ወደ ታች ነቀነቁ፤ በያት።

"ሊያ፣ ጋሽ ዘውዱ የሉም።"

"የት ሄደ?"

"የሉም፣ ልጄ። ዐረፉ። ትናንት ስትደውዪ ሞተው ነበር። ያ ስትሰሚው የነበረው ጩኸት ልቅሷቸው ነው። አሁንም የምትሰሚው እሱ ነው።"

ነፋስ ብቻ። ተቋረጠ ብዬ ነበር። ከዚያ ትንፋሿን ሰማሁ። አላለቀሰችም።

"ሶ..." አለች። "ሶ፣ ማንም አዎ አላለም።"

"ማንም አላለም።"

"አንቺ ግን አዎ ልትዪኝ ነበር?"

"ልልሽ ነበር። ቶሎ እንድትገቢልኝ።"

የሆነ ሰው በእንግሊዝኛ ጠራት፤ ስልኩን በእጇ ሸፍና መለሰችለት።

"ኦኬ፣ እማዬ" አለች፣ ድምፅዋ ቀጥኗል። "እናወጣታለን። በረዶው ላይ እንጎትታታለን። መሄድ አለብኝ።"

አቶ ደምሴ ግድግዳውን ተደግፈው ቀሩ። ሴቶቹ ሲሰሙ አንዷ ፊት ለፊቴ ቆማ፣ "አንቺ ምን ዓይነት እናት ነሽ? ባሕር መካከል ላለች ልጅ መርዶ? ልቧ ቢቆምስ?" አለችኝ። እኔም ራሴን የምጠይቀው ያንኑ ነበር።

ጋሽ ዘውዱ ሲቀበሩ ከሊያ ወሬ አልነበረም። ግቢያቸው ያሉት በያጆች ሬሳውን ተሸከሙ። ሰው ሲያለቅስ እኔ እጄ ላይ ያለውን ስልክ አያለሁ። አባ ጸሎት ሲያደርሱ ስልኩን አያለሁ። አፈር ሲመለስባቸው ስልኩን አያለሁ። ለዚያ ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ቀና ብዬ የሚገባውን ልቅሶ አላለቀስኩም።

በሳልስታቸው ደወለች። "መርከቡ ላይ ነን። ሁላችንም። ደክሞኛል፣ በኋላ" አለችና ዘጋች። ጀልባዋ በመከር ወደ ባላርድ ስትመለስ በያጁ ጠርቶ አሳየኝ። የግራው ብረት ከሆዷ ጋር የተያያዘበት ስፌት ክንድ ሙሉ ተተርትሯል። በእጁ እየለካ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለኝ። ባይገባኝ ደስ ባለኝ፤ ገብቶኛል። በውኃው መንገድ ሮጠው ቢሆን ኖሮ መርከቡ ጋ አይደርሱም ነበር።

ሊያ ስለዚያ ጠዋት አንሥታ አታውቅም። መቃብራቸው ድረስ ይዣት ሄድኩ፤ ጃኬቷ ኪስ ውስጥ እጇን ከታ ቆመች፣ ከንፈሯን ነክሳ። አቅፌ ላስለቅሳት ስል ትከሻዋ እንጨት ነው።

ዘንድሮ እንደገና ሄዳለች። ይህን የምጽፈው እሷ እዚያው ባለችበት ሳምንት ነው። አዲሷን ጀልባ የነደፈውን ሰው አላውቀውም። ወጣት ነው አሉኝ፣ ጎበዝ ነው አሉኝ። ልጄ በሌሊት "ይህ ይይዛል?" ብላ ብትጠይቀው ምን እንደሚላት አላውቅም።

ልትሄድ ስትል ዕቃዋን አሥራ በሩ ላይ ቆመች።

"እማዬ፣ ማይልኝ" አለችኝ። "እዚህ ማንም ቢሞት፣ ምንም ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት ትነግሪኛለሽ። ተኝቷል አትዪኝም።"

በማርያም ማልኩላት።

"በይ አንቺም ማይልኝ" አልኳት። "እዚያ አንድ ነገር ብትሆኚ፣ ቢጨንቅሽ፣ ደኅና ነኝ ብለሽ እንዳትደብቂኝ። ማይልኝ።"

ሻንጣዋን አነሳች። ግንባሬን ሳመችኝ፣ አንዴ፣ ከዚያ ደግማ ሳመችኝ። መኪናው ታች እየጠበቃት ነበር።

አልማለችልኝም።